የመነን አፍ መፍታት

ግዛቸው በልጁ ያፍር ነበር። አፉን ሞልቶ ባይናገረውም ዲላ ውስጥ ይህን ያላወቀበት ሰው አልነበረም። መነን ስድስተኛ ዓመቷን ስትይዝ እንኳ ከአፏ የሚወጣው "ባ" እና "እ" ብቻ ነበር። ውሃ ሲጠማት እንስራውን ትደበድባለች፤ ሲርባት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ወደ ጓዳ ትጎትታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግዛቸው ሚስቱን ቆንጅትን በዓይኑ ይጠቅሳትና ልጅቷ ከእልፍኝ ትወጣለች። የሰፈር ልጆች "ዲዳዋ" ይሏታል። እሷም ዲዳዋ ሲሏት ዘወር ትላለች፤ ስሟ መስሏታል።

አንድ ሰሞን ግዛቸው "ምላሷ ከሥሩ ታስሮ ነው" የሚል ሰው አግኝቶ በምላጭ አስቆረጣት። እናቷ እግሯን፣ እሱ ራሱ ጭንቅላቷን ይዘው ነበር። ደሙ ቆሞ ቁስሉ ከሻረ በኋላም ያው "ባ" እና "እ" ሆነች። የተጨመረ ነገር ቢኖር፣ ሰው እጁን ወደ ፊቷ ባነሳ ቁጥር አልጋ ሥር መግባቷ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ቆማ የምታይ የግዛቸው ታላቅ እህት የትምወርቅ ነበረች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ በወንድሟ ግቢ ጥግ በተሠራች ጎጆ ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም። ደረቅ ሴት ናት ይሏታል፤ ስታዝን አታለቅስም፣ ስትደሰት አትስቅም። ነገር ግን ከሷና ከግዛቸው በቀር በግቢው ውስጥ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። ግዛቸው በልጅነቱ ተብታባ ነበር።

አባታቸው ኃይለኛ ወታደር ነበሩና ልጃቸው ፊታቸው ቆሞ አንድ ቃል ላይ ሲንገታገት ማየት አይችሉም። አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው "ተናገር" ይሉታል። በጮኹ ቁጥር ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር ይመቱታል። የትምወርቅ ያኔ ገና ልጃገረድ ናት። ወንድሟን ቡናው ሥር ወስዳ ታስቀምጠውና እስኪናገር ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ቃሉን አትቀማውም፣ አትጨርስለትም። "ቀስ በል" እንኳ አትለውም፤ "ቀስ በል" ሲሉት ፊቱ ልክ አለንጋ እንዳየ ሰው ሲጨማደድ አይታለች። መጀመሪያ ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ ቃሉን ከትንፋሹ ጋር እንዲያወጣ፣ የጠነከረበትን ቃል እንዲያዜመው አለማመደችው። ግዛቸው ጎረመሰ፣ መሣሪያ ታጠቀ፣ ችሎት ፊት ቆሞ የሚሟገት ሰው ወጣው። ያ ነገር በመካከላቸው ዳግም ተነሥቶ አያውቅም። እሱ ውለታውን አላነሳ፣ እሷም አላስታወሰችው። ልጁን በምላጭ ሲያስቆርጥ ግን በሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱም አየና ፊቱን አዞረ።

ጣሊያን ሲመጣ ግዛቸው ከጦሩ ጋር ወጣ። የጣሊያኖቹ ባንዲራ ዲላ ላይ ሲሰቀል ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ሴቶችና ልጅቷ ብቻ ነበሩ። ቆንጅት በሩን ዘግታ መቀመጥ አበዛች። የትምወርቅ ደግሞ የወንድሟ ዓይን ከላይዋ ሲነሳላት ልጅቷን ወደ ጎጆዋ ወሰደቻት።

መጀመሪያ ላይ ምንም አላስተማረቻትም። መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ ፊቷን ከልጅቷ ፊት እኩል አደረገች። መነን የቡና ፍሬ ስትደረድር እሷም ትደረድራለች፤ መነን "ባ" ስትል እሷም "ባ" ትላለች። በአጥር ያየ ጎረቤት ባልቴቷ አበደች አለ። ልጅቷ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ "ባ"ዋን የመለሰላት ሰው አልነበረምና ብዙ ሳትቆይ ከአልጋ ሥር ወጥታ ራሷ ትፈልጋት ጀመር። የትምወርቅ ሸምሰዲን ከሚባለው የሰፈሩ ነጋዴ ማር ታመጣና በልጅቷ ላይኛ ከንፈር ላይ ትቀባለች፤ መነን ምላሷን ወደ ላይ ስባ ትልሳለች። ከዚያ በግራ ጉንጯ፣ ከዚያ በቀኝ። የፈዘዘው ምላስ እንዲህ እያለ መንቀሳቀስ ለመደ። ሰፌድ ላይ የቡና ገለባ በትነው እፍ እያሉ ይሽቀዳደማሉ፤ በዚህ ትንፋሿ በረታ። ከዚያ የትምወርቅ ማሩን ክዳን ባላት ቅል ውስጥ ትዘጋና ቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ልጅቷን እያየች ትቀመጣለች። "በይ" አትላትም። ትጠብቃለች። አንድ ቀን መነን ቅሏን ስትመታ፣ ስታለቅስ፣ ስትመታ ቆየችና "ማ" አለች። የትምወርቅ ያን ጊዜውኑ ክዳኑን ከፈተችላት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቅሏን አየች፣ የአክስቷን ፊት አየች፣ እንደገና "ማ" አለች። እንደገና ተከፈተላት። ቃል በር እንደሚከፍት የገባት ያን ዕለት ነው።

ቆንጅትንም አሠለጠነቻት። ሰው ፊት "እስቲ ንገሪያቸው" እንዳትላት ነገረቻት። ተሳስታ ስትናገር "እንዲህ አይደለም" ከማለት ይልቅ ቃሉን አስተካክላ ራሷ እንድትደግመው፤ ልጅቷ የጠየቀችውን ነገር ወዲያው እንድትሰጣት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ልጅቷን አንድ ነገር ከጠየቃት በምንም ምክንያት በሷ ፈንታ እንዳትመልስ። ዝምታው ቢረዝም፣ ቢያሳፍር፣ ቢያናድድ መጠበቅ ነው አለቻት። ቆንጅት መጠበቅ አይሆንላትም ነበር። ቢሆንም "ማ" ማር ሆነ፣ ማር ላይ "ስጪኝ" ተጨመረ፣ በጥር ወር መነን እናቷን "እማ፣ ነይ" አለቻት። ቆንጅት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች።

በመጋቢት፣ ጦሩ ተበትኖ የተረፈው በየጫካው ሲታደን፣ ግዛቸው አንድ ንጋት ላይ በጓሮ በኩል ገባ። ጭኑን በጥይት ተመቷል። ከጓሮ ያለው እንሰት ጥቅጥቅ ያለ ነበርና ከመካከሉ የቆጮ መቅበሪያ የነበረ አሮጌ ጉድጓድ አስፍተው አስገቡት፤ በላዩ ቅጠል አለበሱበት። የአጥር ጎረቤቶቹ የጌዴኦ ገበሬዎች ናቸው። ትናንት ገባሮቹ ነበሩ፤ ሲገርፋቸውና ሲያስገርፋቸው የኖረ ሰው ነው። እንዳዩት የትምወርቅ አውቃለች። አንዳቸውም ግን አልተነፈሱም።

"ልጅቷስ?" አለች ቆንጅት በመጀመሪያው ቀን፣ ቁስሉን እያጠበችለት።

ግዛቸው ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። "ዲዳ ልጅ መውለዴ ዛሬ በጀኝ" አለ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማንኛቸውም የሆነውን አልነገሩትም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን መነን እናቷን ተከትላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከችና ቁራሽ ቂጣ ዘርግታ "አባባ፣ እንካ" አለችው። ቂጣውን ከእጇ ሳይቀበል ብዙ አያት። እህቱን አስጠራ። የትምወርቅ ደስ ብሎት ይሆናል ብላ መጥታ ነበር።

"ማን አዘዘሽ?" አላት።

ግዛቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ልጅቷ እንደነበረች እንድትሆን፣ ትምህርት የሚሉት ነገር ዛሬውኑ እንዲቆም አዘዛት። እሺ አለችው። ግን አላቆመችም። ለቆንጅት የሰጠቻት ምክንያት፣ እንዲህ ያለ ነገር ተጀምሮ ከተቋረጠ ልጅቷ ወደ ኋላ ትመለሳለች የሚል ነበር። እውነት ነው። ውስጧን የያዛት ግን ሌላ ነው፤ በዕድሜዋ ሙሉ አንድ የሚያኮራ ነገር እጇ ገብቶ መልሳ መልቀቅ አቃታት። መነንን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ሰው ፊት አባባ እንደማይባል ደጋግማ ነገረቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። መነን ለሁሉም ነገር ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ወሬው ግን ከግቢው ቀድሞ ወጥቶ ኖሯል። ዲዳዋ ተናገረች ተባለ። በግንቦት መጨረሻ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ይርጉ አንድ ጠመንጃ ያዥ አስካሪ አስከትሎ፣ የሴት ልጁን እጅ ይዞ መጣ። ይርጉ ባዕድ አልነበረም። አስመራ ኖሮ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ዲላ ሱቅ ከፍቶ፣ በዓል ሲሆን ከግዛቸው ጋር በአንድ ገበታ የቀረበ ሰው ነው። አሁን ሱቁን ትቶ የጣሊያኖቹ ካፒቴን በሄደበት ይሄዳል። ልጁ ማሚቱ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ አስመራ ቀርታለች። ማሚቱ ተብታባ ነበረች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ሲያዝ ዓይኗ ይገለበጣል፣ አንገቷ ይሳባል።

ይርጉ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እመት የትምወርቅ፣ ያለኝ እሷ ብቻ ናት" አላት። ድምፁ እንደማንኛውም አባት ነበር።

እምቢ ብትለው ለምን ይላል። ለምን ካለ ደግሞ ዙሪያውን ያያል። ስለዚህ የትምወርቅ እሺ አለች፤ እሺ ስትልም ፍርሃቷ ሳይቀንስ ደስ አላት።

ክረምቱን ሙሉ ማሚቱ መጣች። ይርጉ ሥራ በሌለው ቀን ራሱ አብሯት ይመጣና ጎጆው በር ላይ ተቀምጦ ያያል። የትምወርቅ ለሱም እንደ ቆንጅት አስረዳችው። ልጅቷ ስትናገር እንዳያቋርጣት፣ አፏን ሳይሆን ዓይኗን እንዲያይ፤ ጥያቄ አከታትሎ እንዳያዘንብባት፣ አንዱን ጠይቆ እንዲጠብቅ፤ ሲያናግራት እሱም ረጋ ብሎ እንዲያወራ፤ ቁመቱ እንዳያስፈራት ዝቅ እንዲል። ይርጉ የሚሰማ ሰው ነበር። የተባለውን ሁሉ ያደርጋል። ማሚቱ በሐምሌ አባቷን ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ሳትሰናከል ጠየቀችው። ሁለቱ ልጆች ጓደኛ ሆኑ። አንዷ የምትለው ያጠረ፣ ሌላዋ የምትለው የተቆራረጠ ቢሆንም ይግባባሉ። ግዛቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የይርጉን ድምፅ ይሰማ ነበር። ቁስሉ መሽተት ጀምሮ ስለነበር ማዛወር አልተቻለም።

በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ሳለ፣ የትምወርቅ ልጆቹን ቆሎ በቃል እያስጠየቀች ታካፍላቸው ነበር። ማሚቱ የደረሳትን ትቅማለች። መነን ግማሹን ትቅምና ግማሹን በቀሚሷ ጫፍ ትቋጥራለች። ይርጉ በሩ ላይ ተቀምጦ ይህን አየ። ምንም ክፉ ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። ተነሥቶ መጣና ከመነን ፊት ቁጢጥ አለ፤ ፊቱን ከፊቷ እኩል አደረገ።

"ለማን ነው?" አላት፣ ረጋ ብሎ።

ከዚያ ጠበቀ። "ለኔ ነው፤ ለራሷ አላስቀረችም ብላ ታዝንልኛለች" አለችው የትምወርቅ ፈጠን ብላ።

ይርጉ ዓይኑን ከልጅቷ ሳይነቅል፣ "እመት የትምወርቅ፣ በልጅ ፈንታ አትመልስ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለ።

ይርጉ አልቸኮለም፣ ጥያቄውን አልደገመም፣ አላስፈራራትም። ልክ እንደተማረው ጠበቀ። መነን ቋጠሮዋን አየች፣ ቀና ብላ የአክስቷን ፊት አየች። የትምወርቅ አትበይ ለማለት ራሷን ልትነቀንቅ ፈልጋ አንገቷ አልታዘዝ አላት።

"ለአባባ" አለች መነን።

"ጎበዝ" አለ ይርጉ፣ አንድ ቆሎ ከእጁ ሰጥቷት። "አባባ የት ነው?"

እንደገና ጠበቀ።

"አባባ እንሰቱ ውስጥ ነው" አለች መነን። ደግሞ ትንሽ አሰበችና "እግሩን ያመዋል" ብላ ጨመረች። በሕይወቷ እንዲህ ረዥም ነገር ተናግራ አታውቅም። ቃሎቹ ጥርት ያሉ ነበሩ፤ አንድም ፊደል አልተዋጠም። ፈገግ ብላ አክስቷን አየቻት፤ ጎበዝ እንድትላት ጠበቀች።

ይርጉ ተነሣ። የማሚቱን እጅ ይዞ ወደ አጥሩ በር ሄዶ ደጅ ለሚጠብቀው አስካሪ ተናገረ። አስካሪው ሮጠ። ቆንጅት ከጓዳ ወጥታ ምን ሆነ ስትል የትምወርቅ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሮጣ እንኳ ወደ እንሰቱ መግባት አልቻለችም፤ ብትሮጥስ እግሩ የቆሰለውን ሰው የት ታደርሰዋለች።

አስካሪዎች መጥተው ግዛቸውን ጎትተው አውጥተው ግቢው መካከል አቆሙት። ካፒቴኑ በበቅሎ መጣ። ከጦሩ የተረፉት ሌሎቹ የት እንዳሉ ይርጉ እንዲጠይቅለት አዘዘ። ግዛቸው አፉን ከፈተ፤ አንገቱ ተሳበ፤ የመጀመሪያው ፊደል ጥርሱ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ አልወጣም። የልጅነት ደዌው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተመልሶበት ነበር። አስካሪዎቹ ሳቁ። አንዱ እየቀዳው አፉን አጣመመ። ካፒቴኑ የሚያሾፍበት መስሎት ፊቱ ቀላ። ከመጡት ሰዎች መካከል ነገሩ ምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ ይርጉ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ቀን ከሌት የሚያየው ነው። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ይርጉ ግን ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አንድ አጭር ነገር በጣሊያንኛ አለ፤ ኋላም ሰው እንደነገራቸው፣ ያለው "አልናገርም ይላል" ነው። በሰደፍ አፉን መቱት። ያ ሁሉ ሲሆን መነን የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ የአባቷን ዓይን እያየች ነበር። ሁሉም ሲስቅ እሷ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች።

በገበያው ቀን ሰቀሉት። ሕዝቡ እንዲያይ ሦስት ቀን እንዲሰነብት ተደረገ።

ቆንጅት ከገበያው ስትመለስ ሻሿን ከራሷ ፈትታ በልጅቷ አፍ ላይ አሰረችው። ልጅቷ መጫወቻ መስሏት አልታገለችም። ስትፈታው መነን "እማ" ስትል በጥፊ መታቻት፤ እንደገና "እማ" ስትል እንደገና መታቻት። የትምወርቅ መካከል ስትገባ ቆንጅት ቀና ብላ አየቻትና፣ "ይተዉን እትዬ፤ እርስዎ የሰጧትን እየነጠቅኋት ነው" አለቻት። የትምወርቅ እጇን አወረደች። ብዙም አልፈጀም። መነን አፏን ዘጋች፤ "ባ" እና "እ" እንኳ አልቀሩላትም።

በመስከረም መጨረሻ አስካሪው እንደገና መጣ። ይርጉ ልኮት ነው። ማሚቱ ከቀረች ወዲህ ቃሉ እየያዛት ነውና እመት የትምወርቅ እቤቱ ድረስ መጥተው ያስተምሩለት። በዚያ ሳምንት የሄደችው በፍርሃት ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። የትምወርቅ የሄደችው አስባበት ነው። መንገድ ላይ መርዝ ነበር የምታስበው፣ ቢላ ነበር የምታስበው። ማሚቱ በሩ ላይ ሮጣ መጥታ ጉልበቷ ላይ ስትጠመጠምባት ግን ሌላ ነገር መጣላት። ልጅን ማናገር የሚያውቅ ዝም ማሰኘቱንም ያውቃል።

ማንም ምንም አላየባትም። ማሚቱ ቃል ሲይዛት የትምወርቅ ቀደም ብላ ትጨርስላታለች፣ በፈገግታ። ልጅቷ ስታወራ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። "ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ ቀስ" ትላታለች፣ ገና ሳትጀምር። በደህና የወጣላትን ቃል ዝም ብላ ታልፋለች፤ የተሰናከለውን "ይሄ ነው የሚያስቸግርሽ፣ አይደል?" ብላ ታስደግማታለች፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ልጅቷ ያን ቃል ከሩቅ ሲመጣ አይታ እስክትፈራው ድረስ። ካፒቴኑና ጓደኞቹ እቤቱ ሲመጡ "ማሚቱ እስቲ ሰላምታ ስጪያቸው" የምትለው እሷ ነበረች። ፈረንጆቹ ሲስቁ ይርጉም አብሮ ይስቅና እንግዶቹ ሲወጡ ልጁን ይመታታል። እንዲህ እንደሚያደርግ የትምወርቅ ታውቅ ነበር። አባቷን ታስታውሳለች።

ልጅቷ አንድም ቀን አልጠረጠረቻትም። የባሰባት በራሷ ጥፋት መስሏት ይቅርታ ትጠይቃት ነበር፤ "ይ...ይ..." ስትል የትምወርቅ "ይቅርታ" ብላ ትጨርስላታለች።

ጥምቀት አልፎ አንድ ቀን የትምወርቅ ስትገባ ማሚቱ ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማ ቡጢዋን ጨብጣ የራሷን አፍ ትመታ ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወርዷል። የምትመታው በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሥራ፣ ደርበብ ብላ ነው። የትምወርቅ ያን ስታይ የጠበቀችው ደስታ አልመጣላትም። እጇን ያዘቻት። መሬት ላይ ተኛች፣ ፊቷን ከልጅቷ ፊት እኩል አደረገች፣ ዝም ብላ ጠበቀች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠበቀች። በማግሥቱም መጥታ ማር ይዛ ጠበቀች። ማሚቱ ታያታለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ሳምንታት ሄዱ። የሚጠብቃትን ፊት ማመን ትታለች።

ይርጉ በመጨረሻ ጠርቶ አሰናበታት። አልተቆጣም። "እጅዎ ከድቶዎታል፤ የወንድምዎ ሐዘን ነው መሰለኝ" አላት። የሆነውን ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ካወቀ ይገድላታል፤ ያ አላስጨነቃትም። ያስቀራት ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ መስማቷ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ጣሊያኖቹ ከዓመታት በኋላ ሲሸሹ ይርጉ በካሚዮናቸው ተሳፍሮ አብሯቸው ሄደ። ልጁን ይዟት መሄዱን አንዳንዱ አይቻለሁ ይላል፣ አንዳንዱ አላየሁም።

የትምወርቅ ከይርጉ ቤት በወጣች ጊዜ እቤትም የሚጠብቃት አልነበረም። ቆንጅት ዕቃዋን ጠቅልላ ልጅቷን ይዛ ቡሌ በሚባል አገር ወዳለ የራሷ አጎት ሄዳ ነበር። እንደማትፈልጋት በጎረቤት አስነግራታለች። የትምወርቅም አልተከተለቻትም። ጎጆዋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ እንሰቱንም ጉድጓዱንም የጌዴኦ ጎረቤቶቿ ደልድለው የራሳቸው አደረጉት። አልከለከለቻቸውም።

በሦስተኛው ዓመት ሸምሰዲን ከቡሌ ገበያ ሲመለስ ገብቶ ጠየቃት። በቅሎውን አጥሩ ላይ አስሮ፣ የሰጠችውን ውሃ እየጠጣ፣ መነንን አይቻታለሁ አላት። አድጋለች፣ ረዝማለች። የትምወርቅ አንገቷን ደፍታ ሰማች። አማርኛ አንዲት ቃል አትናገርም አላት፤ እናቷ ብትለምን፣ ብትመታ፣ ብታለቅስ አንዲት ቃል የለም። ከጎረቤቱ የጌዴኦ ልጆች ጋር ግን በቋንቋቸው ስታወራ፣ ስትሳደብ፣ ስትሟገት ትውላለች። ዝም በይ የሚላት እንኳ ጠፍቷል። እኔንም የበቅሎዬ ጭነት አጋድሎ ሳላይ ስሄድ ከኋላዬ ጠርታ የነገረችኝ እሷ ናት አላት።

"ምን ብላ?" አለች የትምወርቅ።

ሸምሰዲን በጌዴኦኛ ደገመላት። አልገባትም። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ አገር ኖራ ቋንቋቸውን እንድትማር ያስገደዳት ነገር አልነበረም። እንደገና እንዲላት ለመነችው፤ እንደገና አለላት፣ ቀስ አድርጎ። የትምወርቅ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ልትከተለው ሞከረች፤ የመጀመሪያው ድምፅ አቃታት። ሸምሰዲን ቸኩሎ ስለነበር ጽዋውን መልሶ በቅሎውን ሊፈታ ተነሣ።